ከቆርቆሮ ቀዳዳ እስከ ዕለታዊ መዝገብ፦ የፀሐይን ነጠብጣቦችና ፍንዳታዎች መከታተያ ዝርዝር መመሪያ

ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ረፋድ ላይ ፀሐይ ጣሪያውን ስትመታ በምስማር ቀዳዳዎቹ በኩል ብርሃን ይገባና ወለሉ ላይ ክብ ክብ ይሠራል። ልጆች ሆነን በመዳፋችን ልንይዘው እንሞክር ነበር። ቀዳዳው ሦስት ማዕዘን ይሁን፣ የተቀደደ ይሁን፣ ወለሉ ላይ የሚያርፈው ክብ ነው። ያ ክብ የፀሐይ ምስል ስለሆነ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት በሆነችበት ግርዶሽ፣ አዲስ አበባም በየቆርቆሮው ሥር ክቦቹ ማጭድ መስለው ነበር።

እንግዲህ የፀሐይን ፊት ለማየት መነሻው ዘዴ ቤታችን ውስጥ አለ። ከዚያ ወደ ባይኖኩላር፣ ወደ እርሳስና ወረቀት፣ ከዚያም ወደ ሬዲዮ እንሄዳለን።

አንድ የማምንበትን ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር። በየቀኑ በእጅ የተሳለ ተራ ሥዕል፣ በዓመት አንዴ በውድ ካሜራ ከተነሳ ፎቶ ይበልጣል። ሄንሪክ ሽዋቤ ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ ነበር። በ1826 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ፀሐይን በትንሽ ቴሌስኮፕ ማየት ጀመረ። የሚፈልገው ከሜርኩሪ ይልቅ ለፀሐይ የቀረበች ፕላኔት ነበረች። በፀሐይ ፊት ስታልፍ እይዛታለሁ ብሎ፣ ከእሷ ጋር እንዳይምታታበት ነጠብጣቦቹን በየቀኑ ይመዘግብ ነበር። ፕላኔቷ አልተገኘችም። ከ17 ዓመት በኋላ መዝገቡን ሲያገላብጥ ግን ነጠብጣቦቹ በ10 ዓመት ገደማ እየበዙና እያነሱ እንደሚመላለሱ አየ። ዛሬ የ11 ዓመት ዑደት የምንለው ያ ነው። የተገኘው በአንድ ሰው ትዕግሥት ነው።

መጀመሪያ ዓይን

እዚህ ጋ ረጋ ብለን እንሂድ። ያለ ፊልተር በባይኖኩላር ወይም በቴሌስኮፕ ፀሐይን ማየት ዓይንን በቅጽበት ያጠፋል። ሬቲና የሕመም ነርቭ ስለሌለው ሲቃጠል አይታወቅም። ሰውየው የሚነቃው ከሰዓታት በኋላ ነው። ያኔ የሚያየው ነገር መሃል ላይ ጥቁር ነገር ተቀምጦ ይቀራል።

በየግርዶሹ የማያቸው ነገሮች አሉ። የራጅ ፊልም፣ ጥላሸት የተቀባ ጠርሙስ፣ ሲዲ፣ ሁለት የፀሐይ መነጽር ደርቦ ማድረግ፣ ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞልቶ ነጸብራቁን ማየት። አንዱም አይሠራም። እነዚህ የሚታየውን ብርሃን ቢቀንሱ እንኳ ዓይን የማያየውን ጨረር ሊያሳልፉ ይችላሉ። ብርሃኑ ሲቀንስ ደግሞ ብሌናችን ይከፈታል፣ ጉዳቱም ይብሳል። የበያጅ መስታወት ቁጥሩ 14 ከሆነ ያገለግላል። ጋራዥ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ግን ከዚያ የሳሳ ነው።

በቀጥታ ማየት የሚፈልግ አይ.ኤስ.ኦ. 12312-2 የሚል ደረጃ ያለው የግርዶሽ መነጽር ይጠቀም። ጭረት ወይም ቀዳዳ ካለው ይጣል። ትልልቅ ነጠብጣቦች ሌላ መሣሪያ ሳይጨመር በዚህ መነጽር ይታያሉ። ግን መነጽሩን አድርጎ በባይኖኩላር ማየት አይቻልም። ሌንሱ የሰበሰበው ሙቀት ፊልሙን በስቶ ያልፋል።

ለቴሌስኮፕ የሚሆነው ፊልተር ከፊት፣ በትልቁ ሌንስ በኩል የሚገጠመው ነው። የታወቀው ባደር አስትሮሶላር የሚባለው ብር የመሰለ ስስ ፊልም ነው። በነፋስ እንዳይወልቅ በፕላስተር ዙሪያውን እሰሩት። ከአሮጌ ቴሌስኮፖች ጋር የሚመጣ፣ ዓይን በሚገባበት በኩል የሚጠመዘዝ ጥቁር ብርጭቆ ካላችሁ አትጠቀሙበት። በሙቀት ይሰነጠቃል፣ ያኔ ዓይናችሁ እዚያው ላይ ነው።

ምስሉን ወረቀት ላይ መጣል

ለጀማሪ የምመክረው ይህን ነው። ፊልተር አያስፈልገውም፣ ማንም አጮልቆ አያይም፣ መላው ቤተሰብ ወረቀቱን ከቦ ያያል።

10 በ50 የሆነ (10 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ) ባይኖኩላር ወይም 60 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው ትንሽ ቴሌስኮፕ ይበቃል። ውስጡ መስታወት ያለው ትልቅ ቴሌስኮፕ ለዚህ ሥራ አይሁን፤ ሙቀቱ ውስጥ ታፍኖ ያበላሸዋል።

ባይኖኩላሩን ትራይፖድ ላይ እሰሩት። ትራይፖድ ከሌለ ወንበር መደገፊያ ላይ በገመድ ይታሰራል። አንዱን የፊት ሌንስ በክዳኑ ዝጉ። ቴሌስኮፕ ከሆነ ከላይ ያለችውን ትንሿን ማነጣጠሪያ አውልቁ ወይም ሸፍኑ። ብዙ ሰው የሚረሳት እሷን ነው። ከካርቶን አንገትጌ ቆርጣችሁ የፊቱ ሌንስ ዙሪያ አጥልቁ። ጥላው ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ምስሉ ጎልቶ ይታያል።

ለማነጣጠር በቱቦው በኩል አትመልከቱ። መሬት ላይ ያለውን የቱቦውን ጥላ እዩ። ጥላው እያጠረ እያጠረ ሄዶ ትንሽ ክብ ሲሆን ፀሐይ ላይ አነጣጥሯል ማለት ነው። ድንገት ወረቀቱ ላይ ብሩህ ክብ ቦግ ይላል። ከዚያ የክቡ ጠርዝ እንደ ምላጭ እስኪጠራ ድረስ ፎከሱን አስተካክሉ።

መጠኑ በርቀት ይወሰናል። በ10 እጥፍ ባይኖኩላር ወረቀቱ 1 ሜትር ሲርቅ 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ክብ ይወጣል። 35 እጥፍ በሚያጎላ ቴሌስኮፕ ግን ግማሽ ሜትር እንኳ ሳይሞላ 15 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ብዙ ተመልካቾች የሚስሉት በ15 ሴንቲ ሜትር ክብ ነው። በዚያ ልክ ምድራችን 1.4 ሚሊ ሜትር ትሆናለች። ከአንዲት የጤፍ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። ሥዕሉ ጥግ ላይ አንዲት ጤፍ ለጥፉና ነጠብጣቦቹን ከእሷ ጋር አስተያዩ። እኔ እስካሁን በየቀኑ ያስደንቀኛል።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች። በየሁለት ሦስት ደቂቃው ቱቦውን ከፀሐይ ላይ አዙሩና ይቀዝቅዝ። ስጀምር የተዋስኩትን ባይኖኩላር አሥር ደቂቃ ሙሉ ትቼው ውስጡ ያለው የፕላስቲክ ቀለበት ቀለጠ። ሽታው ነው የነገረኝ። ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል፤ መሣሪያው ፀሐይ ላይ እንዳነጣጠረ አንድ ሰው ሁልጊዜ አጠገቡ ይቁም። ልጅ ሮጦ መጥቶ ዓይኑን ሊያስጠጋ ይችላል።

ሰዓቱን በተመለከተ ጠዋት ከ2 ተኩል እስከ 4 ሰዓት ያለውን የሚያክል የለም። መሬቱ ሲግል አየሩ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ የክቡ ጠርዝም እንደሚፈላ ውሃ ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ልክ አናት ላይ ትቆማለች። ቱቦው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ስለሚያይ ወረቀት ማስቀመጥ ራሱ ፈተና ነው።

መሳል

በነጭ ወረቀት ላይ በኮምፓስ 15 ሴንቲ ሜትር ክብ ሠርታችሁ ብዙ ኮፒ አስነሱ። መሃሉን የሚያቋርጥ አንድ አግድም መስመር ይኑረው። ወረቀቱን ጠንካራ ሰሌዳ ላይ ለጥፉት።

መጀመሪያ አቅጣጫ። ቱቦውን ሳትነኩ ተዉት። ምድር ስለምትዞር ምስሉ ይንሸራተታል። ቀድሞ ከእይታ የሚወጣው ጠርዝ ምዕራብ ነው። አንዲት ነጠብጣብ አግድም መስመሩን ይዛ እስክትሄድ ድረስ ወረቀቱን አሽከርክሩ። አሁን ቱቦውን ትንሽ ወደ ሰሜን ግፉ። ቀድሞ የሚጠፋው ጠርዝ ደቡብ ነው። አራቱንም ጻፉ። የፀሐይ ዘንግ ከሰማይ ሰሜን እስከ 26 ዲግሪ ዘንበል ስለሚል፣ ሥዕላችሁ ኢንተርኔት ላይ ካለው ፎቶ ጋር ጠመም ቢልባችሁ አትደንግጡ። የዕለቱ ማዕዘን በሥነ ፈለክ ሠንጠረዦች ላይ ይገኛል።

ከዚያ ትልልቆቹን አስቀምጡ። ነጠብጣብ ሁለት ክፍል አለው። መሃሉ ጥቁር እምብርት ነው፣ ዙሪያው ግራጫ ጥላ። እምብርቱን ደፍናችሁ፣ ጥላውን በስሱ ሳሉ። ጥቁር የሚመስለው ከአካባቢው ስለሚቀዘቅዝ ነው። የፀሐይ ገጽ 5,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን እምብርቱ 3,500 አካባቢ ይሆናል። ጠንካራ መግነጢስ ከውስጥ የሚወጣውን ሙቀት አፍኖ ይዞታል።

አሁን ትንንሾቹ። እዚህ ላይ ነው ስህተት የሚበዛው። እርሳስ ጫፍ የምታክል ነጥብ ካያችሁ ወረቀቱን ቀስ አድርጋችሁ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅሱ። ነጥቧ አብራ ከሄደች የወረቀቱ እድፍ ናት። የዓይን ሌንሱን አሽከርክሩ። አብራ ከዞረች አቧራ ናት። ሁለቱንም አልፋ በቦታዋ ከቀረች ግን ከ150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር የመጣች እውነተኛ ነጠብጣብ ናት። በእርሳስ ንኩት።

አንድ ሕግ አጥብቃችሁ ያዙ። ሥዕሉን ሳትጨርሱ ስልካችሁን አትክፈቱ። የናሳን የኤስ.ዲ.ኦ. ሳተላይት ፎቶ ቀድሞ ያየ ሰው ዓይኑ ያላየውን ይስላል። ከጨረሳችሁ በኋላ አስተያዩ። ያመለጣችሁን በሥዕሉ ላይ አትጨምሩ። ያላያችሁትን አላያችሁትም።

መቁጠር

ሩዶልፍ ቮልፍ የተባለው ስዊዛዊ በ1848 ያወጣት ቀመር ዛሬም ትሠራለች። የቡድኖቹን (ተቀራርበው የሚታዩትን የነጠብጣብ ስብስቦች) ብዛት በ10 አባዙ፣ የነጠብጣቦቹን ብዛት ደምሩ። በቃ።

ዛሬ ሰሜን በኩል 9 እምብርት ያለው ትልቅ ቡድን አለ እንበል። ደቡብ 4 ያለው ሌላ ቡድን። ምሥራቁ ጠርዝ ላይ ደግሞ ብቻዋን የቆመች አንዲት። ቡድኖቹ 3፣ ነጠብጣቦቹ 14። 30 ሲደመር 14፣ 44። ብቻዋን ያለችም እንደ አንድ ቡድን ስለምትቆጠር፣ ከዜሮ ቀጥሎ ያለው ትንሹ ቁጥር 11 ነው። በአንድ ግራጫ ጥላ ውስጥ ሦስት እምብርት ካለ ሦስት ተብሎ ይቆጠራል።

ከባዱ ቡድኑን መለየት ነው። ቡድን ብዙ ጊዜ ሁለት ጫፍ አለው፤ በምዕራብ መሪ፣ በምሥራቅ ተከታይ፤ ልክ እንደ ፈረስ ጫማ ማግኔት ሁለት ዋልታዎች። መሪው ወደ ፀሐይ ወገብ ጠጋ ይላል። ሁለት ስብስቦች ተቀራርበው ግራ ካጋቧችሁ የትናንቱን ሥዕል አውጡ። ትናንት በመካከላቸው ባዶ ቦታ ከነበረ ሁለት ናቸው። በየቀኑ መሳል የሚጠቅመው እዚህም ላይ ነው።

የእናንተ ቁጥር ብራስልስ ያለው ሲልሶ ማዕከል ከሚያወጣው ዓለም አቀፍ ቁጥር ማነሱ አይቀርም። መሣሪያ ይለያያል፣ ዓይን ይለያያል። የወሩ አማካያችሁ 60፣ የእነሱ 84 ከሆነ የእናንተ ማባዣ 1.4 ነው ማለት ነው። ማባዣው ከወር ወር ብዙ ካልተለዋወጠ ጎበዝ ተመልካች ናችሁ። ስለዚህ መሣሪያ አትቀያይሩ። ሲልሶም ሆነ ኤ.ኤ.ቪ.ኤስ.ኦ. የሚባለው የአሜሪካ ማኅበር ከአማተር ተመልካቾች መረጃ ይቀበላሉ።

መመዝገብ

ዓለም የሚጠቀመው የግሪኒች ሰዓት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። በእኛ የቀን ሰዓት ላይ 3 ጨምሩ፣ አለቀ። ጠዋት 3 ሰዓት በግሪኒች 6፡00 ነው። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ደግሞ 12፡00። ቀኑንም በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉ። አለበለዚያ በዓመቱ መጨረሻ ጳጉሜ ላይ ስትደርሱ ትምታታላችሁ።

በየመስመሩ ቀን፣ ሰዓት፣ የሰማዩ ሁኔታ፣ የአየሩ መርጋት ከ1 እስከ 5፣ ቡድን፣ ነጠብጣብ፣ ድምር ይኑር።

አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ነጠብጣብ የሌለበትን ቀን 0 ብላችሁ ጻፉ። ደመና የነበረበትን ቀን ደግሞ «ደመና» ብላችሁ ጻፉ። ሁለቱ ፈጽሞ አንድ አይደሉም። ዜሮ ማለት አየሁ፣ የለም ማለት ነው። ደመና ማለት አላየሁም። ክረምት ላይ ሳምንት ሙሉ ደመና ሲሆን በዜሮ የሞላ ሰው ሐምሌን በሐሰት ያረጋጋታል። ባዶው ቀን አያሳፍርም። ያን ቀን ሌላ አገር ያለ ተመልካች ይሞላዋል። እውነተኛ ዜሮዎች ደግሞ ይመጣሉ። በ2019 ፀሐይ ለሳምንታት አንዲትም ነጠብጣብ ሳይታይባት ቆይታለች። ከዚያ እየጨመረች ሄዳ በኦክቶበር 2024 ናሳና ኖኣ (የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር ተቋም) ከፍተኛው ወቅት ላይ መድረሷን አስታወቁ። ከዚህ ወዲያ ቁልቁለት ነው። ቁልቁለቱን መመዝገብም እንደ ዳገቱ ዋጋ አለው።

ፍንዳታዎቹ

በ1859 ሴፕቴምበር 1 ጠዋት እንግሊዛዊው ሪቻርድ ካሪንግተን ልክ እንደ እናንተ የፀሐይን ምስል ሰሌዳ ላይ ጥሎ ነጠብጣብ ይስል ነበር። ድንገት በአንድ ትልቅ ቡድን ላይ ሁለት የሚያበሩ ነጭ ነገሮች ፈነዱ። ምስክር ሊጠራ ሮጠ። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ሲመለስ እየከሰሙ ነበር። ሪቻርድ ሆጅሰን የሚባል ሌላ አማተርም ለብቻው አይቶታል። 17 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን የምድር መግነጢስ ተናወጠ። የቴሌግራፍ ሽቦዎች ብልጭታ ተፉ።

እንዲህ ያለውን በነጭ ብርሃን ማየት በጣም ብርቅ ነው። አብዛኛው ፍንዳታ የሚታየው ኤች አልፋ በሚባለው ቀይ ብርሃን ብቻ ነው፣ ቴሌስኮፑም ውድ ነው። ስለዚህ ሥራውን እንከፋፍለው። ነጠብጣቡን እናንተ ሳሉ፣ ፍንዳታውን ሳተላይት ይለካላችሁ።

የኖኣ የጎስ ሳተላይቶች የፀሐይን ኤክስሬይ ሌሊት ከቀን ይለካሉ። ግራፉ በነጻ በስልክ ይታያል። ደረጃዎቹ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኤም፣ ኤክስ ናቸው። እያንዳንዱ ከበፊቱ 10 እጥፍ ነው። ኤም 5 የኤም 1 አምስት እጥፍ፣ ኤክስ 1 የኤም 1 አሥር እጥፍ። ሲ በንቁ ዓመት የየቀን ነገር ነው። ኤክስ ሲመጣ ሥዕላችሁን አውጡና ከየትኛው ቡድን እንደሆነ ፈልጉ። በኦክቶበር 3 ቀን 2024 የተመዘገበው ኤክስ 9.0 ነበር።

የትኛው ቡድን ይፈነዳል? የተረጋጋ፣ ክብ፣ ብቻውን የቆመ ነጠብጣብ ብዙም አያስቸግርም። ጥርጣሬ የሚጣልበት በአንድ ቀን ውስጥ ያበጠ፣ እምብርቶቹ የተዘባረቁ፣ ተቃራኒ ዋልታዎች በአንድ ጥላ ውስጥ የተጨናነቁበት ነው። ባለሙያዎች ዴልታ ይሉታል። የኤስ.ዲ.ኦ. የመግነጢስ ምስል ላይ ነጩና ጥቁሩ ተጣብቀው ካያችሁ እሱ ነው።

ሁለት ነገር አታደባልቁ። የፍንዳታው ብርሃንና ኤክስሬይ በ8 ደቂቃ ገደማ ይደርሳል። አንዳንዴ አብሮ የሚወረወረው የጋዝ ደመና ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይፈጅበታል። በሰማይ ላይ የዋልታ ብርሃን የሚያመጣው ይህኛው ነው። አዲስ አበባ ላይ ብርሃኑን አትጠብቁ። ሚኒሶታ ወይም ስዊድን ያላችሁ ግን ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ጨለማ ቦታ ሂዱ። እኛ ደግሞ ሌላ ነገር አለን። ኢትዮጵያ በምድር መግነጢሳዊ ወገብ አካባቢ ናት። ከላያችን ጠንካራ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል፣ ፍንዳታ ሲኖር ጅረቱ ይዘልላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ጂኦፊዚካል ኦብዘርቫቶሪ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የምድርን መግነጢስ ሲለካ ኖሯል፤ ኢንተርማግኔት የሚባለው የዓለም የመግነጢስ መለኪያ ጣቢያዎች መረብ አባልም ነው።

በሬዲዮ መያዝ

ይህ በደመና ቀን የሚሠራ ዘዴ ነው። ቀላሉ አጭር ሞገድ ሬዲዮ ነው። ረፋድ ላይ ከሩቅ የሚመጣ ጣቢያ ያዙና ተዉት። ጠንካራ ኤም ወይም ኤክስ ሲፈነዳ ድምፁ ይደክማል፣ አንዳንዴ ጭልጥ ብሎ ይጠፋል። ኤክስሬዩ የላይኛውን አየር የታች ንብርብር ስለሚያነቃው ንብርብሩ ሞገዱን ይውጠዋል። የሚሠራው በቀን ብቻ ነው። ማታ ጣቢያ ቢጠፋ ፀሐይን አትውቀሱ።

ጠለቅ ማለት የፈለገ በጣም ዝቅተኛ ሞገድ ይያዝ። ለባሕር ሰርጓጅ መርከቦች መልእክት የሚያስተላልፉ ኃይለኛ ጣቢያዎች አሉ፤ ጀርመን ውስጥ በ23.4 ኪሎ ኸርዝ፣ ሕንድ ውስጥ በ18.2። በእንጨት ፍሬም ላይ ሽቦ ጠምጥማችሁ አንቴና ሥሩ፣ በትንሽ ማጉያ በኩል ከኮምፒውተር የድምፅ ካርድ ጋር አገናኙት። በሰከንድ 96 ሺህ ናሙና የሚወስድ ካርድ ይመረጣል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሱፐርሲድ ፕሮጀክት ለዚህ የሚሆን ሶፍትዌር አለው። አንቴናውን ከፍሪጅና ከቻርጀር አርቁ። መጀመሪያ ፀሐይ ስትወጣና ስትገባ መስመሩ እንዴት እንደሚታጠፍ ለሳምንት አጥኑ። ያንን ካወቃችሁ ፍንዳታውን አትስቱትም። መስመሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይዘልላል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይመለሳል። አንዳንዴም ዝላዩ ወደ ታች ይሆናል።

አንድ ቡድን መከተል

የመጀመሪያ ወራችሁ ሥራ ይህ ይሁን። ምሥራቁ ጠርዝ ላይ ብቅ ያለ አዲስ ቡድን ምረጡ። ጠርዝ ላይ ሲሆን የተጨመቀና ቀጭን ይመስላል። በየቀኑ 13 ዲግሪ ገደማ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። በሳምንቱ መሃል ይደርሳል፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ይጠልቃል። ሥዕሎቹን በአንድ ክብ ላይ ስትደራርቡ የፀሐይ መዞር ራሱ ይታያችኋል።

በሜይ 2024 ቁጥሩ 13664 የሆነው ቡድን እንዲህ ነበር የተጓዘው። በጥቂት ቀናት ውስጥ አብጦ የ15 ምድሮችን ያህል ርዝመት ያዘ። በ15 ሴንቲ ሜትር ክብ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ሌላ መሣሪያ ሳይጨመር በግርዶሽ መነጽር ይታይ ነበር። ሜይ 10 የተነሳው የምድር መግነጢስ ማዕበል ከ2003 ወዲህ የመጀመሪያው የጂ 5 (የመጨረሻው ከፍተኛ) ደረጃ ማዕበል ሆነ። ቡድኑ በምዕራብ ከጠለቀ በኋላ ከጀርባ ዞሮ በወሩ መጨረሻ በምሥራቅ ተመለሰ። አዲስ ቁጥር ተሰጠው፤ 13697።

ስለዚህ የመረጣችሁት ቡድን ምዕራቡ ጠርዝ ላይ ሲጠፋ ካላንደራችሁ ላይ ከ13 እና ከ14 ቀን በኋላ ያለውን ቀን ክበቡ። ያን ጠዋት ቀድማችሁ ውጡ፣ ወረቀቱን ለጥፉ፣ ምሥራቁን ጠርዝ እዩ።